የእናቴ ስለት

እናቴ ዕዳ ነበረባት። የባንክ ዕዳ አይደለም፤ የዕቁብም አይደለም። አበዳሪዋ ከሞቱ ብዙ መቶ ዓመታት ያለፏቸው አንድ ሼህ ናቸው። ይህንን የነገረችኝ አምና፣ የፍልሰታ ጾም ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ አዲስ አበባ ከምኖርባት የኪራይ ክፍል፣ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ነው። ከጎባ የመጣችው ዓይኗን ልትታከም ነበር።

«ቆርቤ መሞት እፈልጋለሁ» አለችኝ።

«ታዲያ ማን ከለከለሽ እማዬ?»

«ስለት አለብኝ። ስለት ይዤ እንዴት ብዬ እቆርባለሁ?»

ሳቅ አልኩ። ለጎባ ደብሮች ተስላ የረሳችው ጃንጥላ ወይም ጧፍ መስሎኝ ነበር። «ለየትኛው ታቦት ነው? እኔ ገዝቼ አስገባልሻለሁ» አልኳት። እናቴ ግን አልሳቀችም። ነጠላዋን አስተካክላ፣ ጎረቤት የሚሰማ ይመስል ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ለታቦት አይደለም፤ ለኑር ሁሴን ነው» አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። መንግሥት በተለወጠበት በ1983 ዓ.ም. እኔ የሁለት ዓመት ሕፃን ነበርኩ። ትኩሳት ያዘኝ። ሰውነቴ እንደ ምጣድ ግሎ ይንዘፈዘፍ ጀመር። እናቴ ጸበል አስጠመቀችኝ፤ ሐኪም ቤት ወስዳ መርፌ አስወጋችኝ። ትኩሳቱ ግን አልበርድ አለ። በሦስተኛው ሌሊት ጎረቤታችን መጣች። ይህቺ ሴት የአርሲ ኦሮሞ፣ ሙስሊም፣ አሮጊት ነበረች። እኔም እንደ ልጅ ልጆቿ «አኮ» ብዬ ነው የጠራኋት፤ አያቴ ማለት ነው። አኮ ግንባሬን በቅቤ ቀብታ፣ ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘርግታ፣ «ያ ኑር ሁሴን! ይህ ልጅ ይትረፍ እንጂ ነጭ ፍየል ይዤ ደጅህ እመጣለሁ» አለች። ከዚያም ወደ እናቴ ዞራ፣ «አንቺም በይ» አለቻት። እናቴ አለች፤ እንዲያውም ጨምራ፣ «ሲያድግ በገዛ እግሩ ሄዶ ያደርሳል» አለች። ጎህ ሲቀድ ትኩሳቱ ለቀቀኝ።

አኮ የራሷን ፍየል በዓመቱ አደረሰች። የእናቴ ግን ሠላሳ ዓመት አለፈው። መጀመሪያ ልጅ ነው ተባለ፤ ከዚያ ትምህርት ነው ተባለ፤ ከዚያ አኮ ሞተች። ከዚያ በኋላ ደግሞ እናቴ አፈረች። ለንስሐ አባቷ አልነገረችም፤ ለእኔም አልነገረችም።

«ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸውና ይፍቱሽ» አልኳት።

«ሳልከፍል?» አለችኝ፤ በጣም ተገርማ። «ያልከፈልኩትን ዕዳ ኃጢአት ነበር ብዬ ብናዘዝ እኮ መካድ ነው። መጀመሪያ ልክፈል፤ ከዚያ እናዘዛለሁ።»

የጋዜጠኝነት ዲፕሎማዬ ለዚህ መልስ አላስተማረኝም።

እዚህ ላይ ባሌን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ላስረዳ። ጎባ የጥንቱ የባሌ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ናት። ሮቤ ከእሷ አሥራ አራት ኪሎ ሜትር ያህል ዝቅ ብላ ከስንዴ ማሳዎች መካከል የተቀመጠች፣ ዛሬ የዞኑን መንበር የወሰደች ታናሽ እኅቷ ናት። ከበላያቸው የሳነቲ አምባ አለ፤ 4377 ሜትር ከፍታ ያለው ቱሉ ዲምቱም እዚያው ነው። በእኔ ልጅነት በእነዚህ ሁለት ከተሞች «አማራ» ማለት ክርስቲያን ማለት ነበር። ኦሮሞ ሆኖ የተጠመቀ ሰው «አማራ ሆነ» ይባላል። ሙስሊሙ ደግሞ «እስላማ» ነው። ሃይማኖት ዘር ነበር፤ ዘርም ሃይማኖት። የእናቴ ቅድመ አያት ባሌ በ1880ዎቹ በአጼ ምኒልክ ጦር ስትያዝ ከሸዋ ከመጡት ወታደሮች አንዱ ነው። የአኮ አባቶች ደግሞ መሬታቸው የተወሰደባቸው ናቸው። ከ1955 እስከ 1962 ዓ.ም. ባሌን ባናወጠው አመፅ የአኮ ባል ጫካ ሲገባ የእናቴ አባት በመንግሥት በኩል ጠመንጃ ያዘ። ስለዚህ አመፅ መጽሐፍ የጻፈው ኖርዌያዊው ምሁር ቴርዬ ኦስተቦ፣ የባሌ ሰው ሃይማኖቱንና ዘሩን ለይቶ እንደማያይ በሰፊው አትቷል። እኛ ግን መጽሐፉን ሳናነብ ነው ያወቅነው። በልጅነቴ ሠርግ ቤት ሁለት ድስት ይጣድ ነበር፤ አንዱ በክርስቲያን እጅ የታረደ፣ አንዱ በሙስሊም እጅ የታረደ። ሰዎቹ ተጠራርተው ይመጣሉ፣ አብረው ይጫወታሉ፣ አብረው ያለቅሳሉ፤ ሥጋ ላይ ሲደርስ ይለያያሉ።

ታዲያ ሥጋ የማይቀላቅሉ ሁለት ሴቶች ስለት እንዴት ቀላቀሉ? ይህ ጥያቄ እንቅልፍ ነሳኝ።

ሼህ ሁሴን በ12ኛውና በ13ኛው ምዕተ ዓመት አካባቢ ኖረው፣ በባሌ እስልምናን ያስፋፉ ታላቅ ወሊይ ናቸው ተብሎ ይታመናል። መቃብራቸው ያለበት ስፍራ ድሬ ሼህ ሁሴን ወይም አናጂና ይባላል፤ ከጊኒር በስተሰሜን፣ በጎሎልቻ ወረዳ ይገኛል። በ18ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ የሐረሩ አሚር አብዱል ሸኩር በመቃብሩ ላይ ጉልላት እንዳሠሩ ይተረካል። ከዚህ ሌላ ግን አንድ ነገር አለ። ኦሮሞው እስልምናንም ክርስትናንም ከመቀበሉ በፊት ከሩቅ አገር ጭምር በእግሩ እየተጓዘ ወደ ባሌ ይመጣ ነበር። የሚመጣው ወደ አባ ሙዳ ነው፤ ቅቤ ተቀብቶ፣ ተመርቆ፣ ወደ አገሩ ይመለሳል። አጼ ምኒልክ ይህን ጉዞ በ19ኛው ምዕተ ዓመት መገባደጃ ላይ አስቀሩት። እግር ግን የለመደውን መንገድ በአዋጅ አይተውም። ብዙው ተጓዥ ፊቱን ወደ ሼህ ሁሴን አዞረ። በእጁ ጫፉ ባላ የሆነ በትር ይይዛል፤ ውዳሴውንም በኦሮምኛ እያዜመ ይሄዳል። ይህ ተጓዥ «ገሪባ» ይባላል። የአኮም በትር በራችን አጠገብ ካለው ግድግዳዋ ላይ ተሰቅሎ ይኖር ነበር፤ እኛ ልጆቹ ወንጭፍ ልናደርገው ስንመኝ።

የጥንቱ እምነት እንዲህ እየተለወጠ እንጂ እየጠፋ አልሄደም። አኮ ቡና የምታፈላው እንደ ማንም ነው። ደግ ቀን ሲመጣ፣ ልጅ ሲወለድ ወይም ላም ስትወልድ ግን ሌላ ነገር ታደርጋለች። የቡናውን ፍሬ ከነገለባው ጫፉን ነክሳ፣ በቅቤ ትጠብሰዋለች። ይህ «ቡነ ቀላ» ይባላል፤ ቡና ማረድ እንደማለት ነው። እናቴም አብራት ትቀመጥ ነበር። የእናቴ ድርሻ ደግሞ ከአኮ ቤት አይጠፋም ነበር። የአኮ የልጅ ልጅ ዓይኑ ሲያብጥ ጸበል በጆግ ተልኮላታል። እናቴ ከቤተ ክርስቲያን አመዷን ታመጣለች፤ ስሙም «እምነት» ነው፤ ግንባር ላይ ይቀባል። አኮ ከድሬ ነጭ አፈር ታመጣለች፤ ስሙ «ጀወራ» ነው፤ እሱም ግንባር ላይ ይቀባል። እንግዲህ እኔ የሁለቱንም አመድና አፈር ተቀብቼ ያደግሁ ነኝ።

ይህ የሁለት አሮጊቶች ጉድ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በታኅሣሥ ወር ቁልቢ ገብርኤል የሄደ ሰው ከነሽርጡ ስለት የሚያስገባ ሙስሊም አይቷል። እዚያ ማንም አይደነቅም።

እናቴ እንቅልፍ ሲወስዳት እኔ ምክር ፍለጋ ወጣሁ። መጀመሪያ የጠየቅሁት ታናሽ ወንድሜን ነው። እሱ ጴንጤ ከሆነ አሥር ዓመቱ ነው። ሳያመነታ መለሰልኝ። «ዕዳችን ሁሉ በመስቀል ላይ ተከፍሏል። ምንም አትክፈሉ።» አጭርና ደስ የሚል መልስ ነው። ለእናቴ ብነግራት ግን፣ «እሱ ኢየሱስ የከፈለው የእኔን ኃጢአት ነው እንጂ የእኔን ፍየል አይደለም» እንደምትለኝ አውቅ ነበር።

ሁለተኛ አንድ ቄስ ዘንድ ሄድኩ። የሌላ ሰው ታሪክ አስመስዬ አጫወትኳቸው። አባ በትዕግሥት ሰምተው፣ «ልጄ፣ ስለት ለእግዚአብሔር ነው፤ በቅዱሳኑም ስም ለእሱው ነው። ይህ ስለት አይባልም። ሴትየዋ ንስሐ ትግባ፤ የፍየሉን ዋጋ ለነዳያን ትስጥ» አሉኝ።

ሦስተኛ ሮቤ ወረድኩ። የአኮ የልጅ ልጅ፣ ያ ዓይኑ በእናቴ ጸበል የታጠበው፣ የልጅነት ጓደኛዬ ነው። ዛሬ ነጋዴ ነው፤ ጢሙን አሳድጓል፣ ሱሪውን አሳጥሯል፤ ሶላት አያልፈውም። ስለቱን ስነግረው ፊቱ ተለወጠ። «አኮ አላወቀችም፤ አላህ ይማራት» አለ። «ስለት ለአላህ ብቻ ነው። መቃብር አይሰጥም፣ አይነሳም። ከሙት መለመን ሽርክ ነው። የፍየሉን ዋጋ ለሚስኪን ስጥና ወደ ቤትህ ግባ።»

አንባቢ ልብ በል። ቄሱና ጓደኛዬ ተገናኝተው አያውቁም፤ ቢገናኙም በብዙ ነገር አይስማሙም። በእናቴ ፍየል ላይ ግን አንድ ቃል ተናገሩ። አንዱ ነዳያን አለ፣ አንዱ ሚስኪን አለ፤ ልዩነቱ ይኸው ነው። የተማሩት ወንዶች በየመጽሐፋቸው ገብተው አንድ ቦታ ወጡ። ፊደል ያልቆጠሩት ሁለት ሴቶች ደግሞ በአንድ ሌሊት፣ በአንድ የታመመ ልጅ ራስጌ፣ ሌላ ቦታ ተስማምተው ነበር።

ጓደኛዬን ለመውቀስ አይደለም ይህን የምለው። የእሱ ክርክር በባሌ ከ1930ዎቹ ጀምሮ የኖረ ነው። ሐጅ የሄዱና በሳዑዲ ዓረቢያ የተማሩ ሰዎች ሲመለሱ፣ የአባቶቻችን እስልምና ከባዕድ ነገር ይጥራ ብለው ተነሡ። ከደርግ ውድቀት በኋላ ወጣቱ ነገሩን አጠንክሮ ያዘው፤ በሮቤ መስጊዶች አባትና ልጅ ተከራከሩበት። ክርክሩ የንጽሕና ጥማት አለው፤ ያንን ጥማት አከብራለሁ። እናቴም እኮ የምትለው «ንጹሕ ሆኜ ልቁረብ» ነው።

ይህ የባሌ ጣጣ ብቻም አይደለም። በካምቦዲያ የሚኖሩት ክሜሮች ቡድሂስቶች ናቸው፤ ጠዋት ለመነኮሳታቸው ምግብ ይሰጣሉ። ነገር ግን ከመንደሩ ዳር፣ ከዛፍ ሥር፣ «ነክ ታ» ለሚሉት የቦታ ጠባቂ መንፈስ ትንሽ ጎጆ ይሠሩለታል፤ ዝናብና ጤና ይለምኑታል። ጎረቤቶቻቸው ቻሞች አብዛኞቹ ሙስሊሞች ናቸው። ከቻሞቹ መካከል ደግሞ ጥቂቶቹ በየዓመቱ ኡዶንግ ወደሚባል ኮረብታ ወጥተው ኢማም ሳን የተባሉትን አባታቸውን ያከብራሉ፤ የቀሩት ወንድሞቻቸው «ይህ ከሃይማኖቱ አይደለም» ይሏቸዋል። ከ1967 እስከ 1971 ዓ.ም. የገዛው የክሜር ሩዥ መንግሥት ፓጎዳውንም መስጊዱንም ዘጋ፤ መነኩሴውንም ኢማሙንም ገደለ። ከዚያ ሁሉ በኋላ ግን ሰዉ ተመልሶ የዛፉን ሥር ጎጆ ሠራ፤ ወደ ኮረብታውም ወጣ። ሰው ሲጨንቀው የሚሄድበት ደጅ በቀላሉ አይዘጋም።

እኔ የትኛውን ምክር ያዝኩ? ማንኛውንም አልያዝኩም። ስለቱ የእኔ አይደለም፤ የእናቴ ነው። የእኔ እግሬ ብቻ ነው።

ጓደኛዬ ይህንን ስነግረው ዝም ብሎ ቆየ። በማግሥቱ ማለዳ ግን መናኸሪያ ድረስ መጣ። «ጊኒር ጉዳይ አለኝ፤ እስከዚያ አብረን እንሂድ» አለኝ። ጉዳይ እንደሌለው አወቅሁ፤ ማወቄን ግን አልነገርኩትም። ከሮቤ ወደ ምሥራቅ ስትሄድ ደጋው እየቀነሰ፣ ሙቀቱ እየጨመረ፣ ስንዴው ለግራር ቦታ እየለቀቀ ይሄዳል። ጎሮን አልፈን ሶፍ ዑመር ዋሻ ወረድን። የወይብ ወንዝ ተራራውን ሰርስሮ የሚያልፍበት ይህ ዋሻ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት አለው። የሼህ ሁሴን ደቀ መዝሙር የነበሩት ሶፍ ዑመር በውስጡ ይጸልዩ እንደነበር ይነገራል። ጓደኛዬ ውሃው ዳር ዉዱእ አድርጎ ሰገደ፤ ወደ ቂብላ እንጂ ወደ ዋሻው አልዞረም። እኔ ቆሜ ጠበቅሁት።

ጊኒር ገበያ ስንደርስ አንዱን ነጭ ፍየል ልገዛ ዋጋ ጀመርኩ። ጓደኛዬ ከኋላ ሳበኝ። «ይህማ ጆሮው ላይ ጥቁር አለበት፤ አኮ ያለችው ንጹሕ ነጭ ነው» አለኝ። ሃያ ያህል ፍየል አገላብጦ አንዱን መረጠ፤ ጥርሱንም አየ፤ ዋጋውንም እሱ ቆረጠ። ገንዘቡን ከእናቴ መሐረብ ፈትቼ ከፈልኩ። በቅቤ ንግድ ያጠራቀመችው ነው፤ «ዕዳው የእኔ ነው፤ ብሩም የእኔ ይሁን» ብላ ሰጥታኝ ነበር። ጓደኛዬ ስንለያይ፣ «በዚህ አልስማማም፤ ይህን እወቅልኝ» አለኝ። «ታዲያ ለምን መረጥክልኝ?» ብለው፣ «አኮ ውሸታም እንዳትባል» ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ።

ድሬ ሼህ ሁሴን የደረስኩት ጭር ባለ ጊዜ ነው። ትልቁ ጉባኤ በአረፋ ሰሞን ነበር፤ አልፏል። በኖራ የተለሰኑት ጉልላቶች በዚያ ቀይ አገር መካከል ዓይን ይወጋሉ። ጫማዬን አውልቄ ቅጥሩ ውስጥ ገባሁ። ወደ መቃብሩ የሚያስገባው በር በጣም ጠባብ ነው፤ ጎንበስ ብለው፣ ዳዴ ሊሉ ጥቂት ቀርቷቸው የሚገቡ ሰዎች አየሁ። እኔ ከደጅ ቆምኩ።

አንድ ሽማግሌ ጠባቂ መጡ። ፍየሉን አይተው፣ «የማን ስለት ነው?» አሉኝ።

«የእናቴ ነው ሼኬ። ክርስቲያን ናት። ስለቱ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል።»

ይገረማሉ ብዬ ነበር፤ አልተገረሙም። «ልጁ አንተ ነህ?» ብቻ አሉኝ። ነኝ አልኳቸው። ከራስ እስከ እግሬ አዩኝና፣ «አድገሃል» አሉ። ከዚያም፣ «ሥጋው ላንተ እንደማይሆን አውቃለሁ። ቡናው ግን የሁላችን ነው፤ ተቀመጥ» አሉኝ።

ፍየሉ ታረደ። ከጥላው ሥር ከተቀመጡት ጋር ተቀመጥኩ። ሽማግሌው እጃቸውን ዘርግተው መረቁ፤ ሁሉም እጁን ዘረጋ፤ እኔም ዘረጋሁ። እናቴን ዓይኗን ክፈትላት፣ ወንድሜን ጠብቀው፣ ጎባንና ሮቤን ሰላም አድርግ እያልኩ ነበር። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ጎባ ላይ በተነሣው ግጭት የጠፋው የሰው ሕይወት ታወሰኝ፤ ሁለት ድስት ጥደው አብረው ይኖሩ የነበሩ ሰዎች ልጆች ናቸው። ምርቃቱ ሲያልቅ ሁሉም «አሚን» ሲል፣ እኔ ሳላስበው አማተብኩ። እጄ ልማዱን ነው ያደረገው። ክው አልኩ። አጠገቤ የተቀመጠች አንዲት አሮጊት አየችኝ፤ ፈገግ ብላ ድጋሚ «አሚን» አለች፤ የቡናውን ስኒም አቀበለችኝ።

ስነሣ ሽማግሌው በወረቀት የተጠቀለለ ነጭ አፈር ለእናቴ ሰጡኝ።

አዲስ አበባ ተመልሼ በር ስከፍት፣ እናቴ አንድ ዓይኗ ላይ ጨርቅ ተለጥፎባት ተቀምጣ ነበር። «ደረሰ?» አለችኝ። «ደረሰ» አልኳት። «ንጹሕ ነጭ ነበር?» «ንጹሕ ነጭ። የአኮ ልጅ ነው የመረጠው።» ይህን ስትሰማ አለቀሰች። ሐኪሙ እንዳታለቅስ ነግሯት ነበር። ወረቀቱን አውጥቼ ላሳያት ስል ግን እጄን ያዘችኝ። «አይሆንም ልጄ። ከእንግዲህ ዕዳ የለብኝም፤ ከእንግዲህ የንስሐ አባቴን ነው የምሰማ። ግን እንዳትጥለው።»

ጎባ ተመልሳ ለንስሐ አባቷ ሁሉንም ነገረቻቸው። ምን እንዳሏት አልነገረችኝም፤ ጾምና ስግደት እንደሰጧት ብቻ አውቃለሁ። ቀኖናዋን ፈጽማ በጥር ቆረበች። ጓደኛዬ ደውሎ፣ «እናትህ ቆረበች አሉ፤ እንኳን ደስ ያላት በልልኝ» አለኝ። ስለ ፍየሉ አላነሣም።

ወረቀቱ አሁንም እኔ ዘንድ ነው። ከመጽሐፍ መደርደሪያዬ ላይ፣ እናቴ ከጎባ ከላከችልኝ የ«እምነት» ብልቃጥ አጠገብ አስቀምጬዋለሁ። ቤቴ የሚመጣ እንግዳ ምንድን ነው ብሎ ሲጠይቀኝ፣ የአገሬ አፈር ነው እለዋለሁ። አልዋሸሁም።